ክረምት ያሳለፈ ቤንዚን

ጎጃም ውስጥ በጅጋና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ መስኖ የሚያለማ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን የሚያስቀምጠው ዝናቡ ሲጠነክር ነው። ሰኔ ገብቶ የብርና የላህ ወንዞች ሲሞሉ ውሃ ስቦ የሚያጠጣ ሰው የለም። ሞተሩ ጭቃው ይጠረግለትና ጓዳ ይገባል። ዝናቡ አቁሞ፣ በቆሎው ተሰብስቦ፣ ሽንኩርቱና ድንቹ ውሃ ሲጠይቁ እንደገና ይወጣል። ገመዱ ይሳባል፤ ዝም። ደግሞ ይሳባል፤ አንዴ ያስነጥሰውና ዝም። ካንዴላው ተፈትቶ፣ ተጠርጎ ይመለሳል፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ባጃጅ ላይ ተጭኖ ጋራዥ ይሄዳል። መካኒኩ ካርቡሬተሩን ሲፈታ ከታችኛው ኩባያ ሥር ጣት ላይ የሚጣበቅ ቡናማ ነገር ያገኛል። ባለቤቱ የቻይናን ዕቃ ይረግማል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ሰኔ ላይ ውስጡ የቀረው ቤንዚን ነው።

ይህ ችግር ሀብታሙንም አይምርም። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ውድ የስፖርት መኪናውን በረዶ ሳይጀምር ሸፍኖ እስከ ሚያዝያ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ የሚኖር ወገናችን፣ ጎረቤቱ ጥቅምት ላይ ከትንሽ ጠርሙስ የሆነ ፈሳሽ ወደ መኪናው ሰልባትዮ ሲያንቆረቁር አይቶ ይሆናል። ፈሳሹ የነዳጅ ማቆያ ነው፤ በተለምዶ ስታቢላይዘር ይባላል። እኛም ጋ አዲስ አበባ ለእሁድ ብቻ የምትነሳ ቮልስ አለች። በ2016 ዓ.ም. ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችው መኪና እንደ ቅርስ መያዝ ጀምራለች። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሚሠራ፣ ለጅጋው ሞተርም ያስፈልገው እንደሆነ ማወቅ ደግ ነው።

ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሃይድሮካርቦኖች አብረው የሚኖሩበት ድብልቅ ነው። ቀላሎቹ ከሰውነታችን ሙቀት በታች፣ 30 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራሉ፤ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይቆያሉ። ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ፈጥነው ተንነው እሳቱን የሚያስነሱት ቀላሎቹ ናቸው። ክዳኑ ካልገጠመ ቀድመው የሚያመልጡትም እነርሱ ናቸው። እዚህ ላይ የጎጃም ደጋ የራሱ አስተዋጽኦ አለው፦ ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ ትነትም ይቀለዋል። ስለዚህ ጅጋ ውስጥ ክዳኑ የላላ ጄሪካን፣ ቴርሞሜትሩ እኩል በሚያነብበት ዝቅተኛ ቦታ ካለው ይልቅ ቶሎ ቀላል ቤንዚኑን ያጣል። የቀረው ይነዳል፤ ሞተሩን ለማስነሳት ግን ልብ ያወልቃል።

ትነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ትኩስ ቤንዚን ጨምሮ መገላገል ይቻል ነበር። የሚብሰው ሁለተኛው ነው፤ ኦክስጅን።

ማጣሪያ ፋብሪካዎች ከድፍድፍ ዘይት ብዙ ቤንዚን ለማውጣት ትልልቆቹን ሞለኪውሎች በሙቀት ይሰባብራሉ። በስብርባሪዎቹ ላይ ጥንድ ትስስር ያላቸው፣ ለኦክስጅን የተጋለጡ ቦታዎች ይቀራሉ። ኦክስጅን ከነዚህ አንዱን ሲያጠቃ፣ አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው እረፍት የለሽ ቁራጭ ይፈጠራል፤ ኬሚስቶች ፍሪ ራዲካል ይሉታል። ይህ ጎዶሎ ራሱን ለመሙላት ከጎረቤቱ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። የተነጠቀው በተራው ጎዶሎ ይሆንና ኦክስጅን ይዞ ሌላውን ይነጥቃል። ሰንሰለቱ ይቀጥላል። በየመንገዱ ፐርኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ በመጨረሻም በቤንዚን የማይሟሟ ሙጫ ይሆናሉ። መካኒኩ ከኩባያው ሥር ያገኘው ቡናማ ነገር ይህ ነው። መዳብ ሥራውን ያፋጥነዋል። ካርቡሬተር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ መዳብ ካለበት ናስ የተሠሩ ናቸው።

ቅቤ የምታነጥር እናት ይህን ኬሚስትሪ በእጇ ታውቀዋለች። ቅቤ የሚሰነፍጠው አንዱ በዚሁ መንገድ ነው፤ ኦክስጅን የስቡን ጥንድ ትስስሮች ይበላል። እርሷም ውሃውን በእሳት ታስወጣለች፣ ኮሰረትና ኮረሪማ ትጨምራለች። ቅመማ ቅመሞቹ መዓዛ ከመስጠታቸው ሌላ ፌኖል የተባሉ ውሁዶችን ይዘዋል፤ ፌኖል ደግሞ ለጎዶሎው ራዲካል የራሱን ሃይድሮጅን ይሰጠውና ሰንሰለቱን ይቆርጣል። ሃይድሮጅኑን ከሰጠ በኋላ ራሱ ሌላውን ለመንጠቅ አቅም አይኖረውም፤ ረጋ ብሎ ይቀመጣል። በነዳጅ ማቆያው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዋነኛ መድኃኒትም ፌኖል ነው፤ በፋብሪካ የተሠራና ግራና ቀኙ በወፋፍራም የካርቦን ክንዶች የታጠረ። ከዚህ ቤተሰብ አንዱ የሆነው ቢኤችቲ በታሸገ ምግብ ላይ ኢ-321 ተብሎ ይጻፋል፤ ያው ንጥረ ነገር ለዘይትም ለነዳጅም ያገለግላል። አንዳንዱ ማቆያ ሌላም ረዳት አለው፦ የመዳብን ብናኝ አቅፎ የሚያስር ውሁድ። የተቀረው አብዛኛው የጠርሙሱ ይዘት ተሸካሚ ፈሳሽ ነው።

ነገሩን ቀድመው የደረሱበት ሻርል ሙርና ሻርል ዱፍሬስ የተባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሚሠሩበት አክሮሊን የተባለ መርዛማ ፈሳሽ ተቀምጦ ይበላሽባቸው ነበር። ከፌኖሎቹ ወገን ጥቂት ሲጨምሩበት ቆየላቸው። ያ ግኝት በኋላ ወደ ጎማው፣ ወደ ምግቡና ወደ ቤንዚኑ ተዛመተ።

ዛሬ የቤንዚን ዕድሜ በላቦራቶሪ ይለካል። ናሙናው በታሸገ ብረት ዕቃ ውስጥ፣ 7 አትሞስፌር ገደማ ግፊት ካለው ኦክስጅን ጋር ሆኖ በ100 ዲግሪ ይቀመጣል። ግፊቱ ድንገት መውረድ ሲጀምር መከላከያው አልቋል፣ ቤንዚኑ ኦክስጅኑን እየጠጣ ነው ማለት ነው። የአውሮፓ መለኪያ ቢያንስ 360 ደቂቃ እንዲቆይ ይጠይቃል። የሙጫው መጠን ደግሞ ከ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ። ይህን ለማሟላት ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ከመነሻው ፌኖል ይጨምራሉ። ስለዚህ ከማደያ የሚቀዳ ቤንዚን ባዶ እጁን አይመጣም፤ መከላከያው ግን አላቂ ነው፤ አንድ ራዲካል በቆረጠ ቁጥር ይጎድላል።

የእኛ ቤንዚን ደግሞ ጅጋ ሲደርስ ከመከላከያው ከፊሉን መንገድ ላይ በልቶታል። አሰብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ ወዲህ የኢትዮጵያ ነዳጅ ተጣርቶ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚገባው። በመርከብ ተጉዞ ጂቡቲ ታንከር ውስጥ ይቀመጣል፤ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ኬሚካዊ ሥራ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በእጥፍ ይፈጥናል። ከዚያ ወደ 900 ኪሎ ሜትር በቦቴ እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ደብረ ማርቆስንና ደንበጫን አልፎ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ። ማደያ ሳይደርስ በጎን ወጥቶ፣ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውማ ሌላ ጣጣ አለው። ብርሃን የሚያሳልፈው ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲውል ኦክስጅኑን ያግዛል፤ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ከሆነም ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እንዲህ ዓይነቱን ቤንዚን በውድ ማቆያ ለማዳን መሞከር ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

ማቆያው የማይችለው ሌላ ነገር ውሃ ነው። ንጹሕ ቤንዚን ውሃ አይቀበልም፤ የገባበት ጠብታ ወዲያው ወደ ሥር ይወርዳል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ግን ውሃውን ይስባል። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ መቀላቀል ጀምራ ነበር። ኢታኖሉ ከጎጃም ማዶ፣ አባይን ተሻግሮ ካለው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካና ከመተሃራ የሚመጣ ሲሆን ድብልቁ ይሠራጭ የነበረው በዋናነት አዲስ አበባና አካባቢዋ ነው። 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን የአንድ በመቶ ግማሽ ያህል ውሃ ተሸክሞ ይቆያል፤ በ10 ሊትር ላይ ሲሰላ አንድ የቡና ስኒ የማይሞላ። ከዚያ ሲያልፍ ኢታኖሉና ውሃው አብረው ከቤንዚኑ ተለይተው ሥር ይዘቅጣሉ፤ ሞተሩ የሚስበው ደግሞ ከሥር ነው። አንዴ የተለየውን ድብልቅ ምንም ፌኖል አይመልሰውም።

እንግዲህ የጅጋው ገበሬ ምን ያድርግ? በእኔ እምነት ማቆያውን ይተወው፤ ያፍስሰው። የሞተሩ ደካማ ቦታ ካርቡሬተሩ ነው። የታችኛው ኩባያ የሚይዘው ቤንዚን ጥቂት ነው፣ ለአየር ክፍት ነው፣ ከናስ ጋር ይነካካል። ስለዚህ በሰልባትዮው ያለው ገና ደህና ሳለ እዚያ ያለው በሳምንታት ውስጥ ሊያረጅ ይችላል። ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ስስ የሙጫ ሽፋን ይበቃዋል። ሰኔ ላይ ሞተሩን ሜዳ ላይ አውጥቶ ማስነሳት፣ የነዳጁን መዝጊያ መዝጋትና ራሱ እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ሲበርድ ከኩባያው ሥር ያለውን ብሎን ፈትቶ የቀረችውን ጠብታ ማውጣት። ሰልባትዮውንም አጋብቶ ክዳኑን ከፍቶ ማድረቅ፤ ቤንዚኑ ለሰው ባጃጅ ይሆናል። ከዚያ ካንዴላውን ፈትቶ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ ገመዱን ቀስ ብሎ ሁለት ሦስቴ መሳብ፤ ሲሊንደሩ በክረምቱ እርጥበት እንዳይዝግ። ወጪው የማንኪያዋ ዘይት ብቻ ነው።

ባጃጅ ሌላ ነው፤ መቼ እንደሚቆም አይታወቅም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ወይም እንቅስቃሴ ሲከለከል ሹፌሩ ነገ እከፍታለሁ እያለ ሳምንታት ይሄዱበታል። ባለ ካርቡሬተሩን ቢያንስ መዝጊያውን ዘግቶ ኩባያውን ማድረቅ አይከብድም።

ማቆያው ዋጋውን የሚያወጣው ነዳጁን ማፍሰስ አስቸጋሪ በሆነበት መኪና ላይ ነው፦ በኢንጀክሽን የሚሠራ፣ ሰልባትዮው የታሸገ፣ ግማሽ ዓመት የሚቆም። የታወቁት ምርቶች በአብዛኛው ለ10 ሊትር ወደ 30 ሚሊ ሊትር ያዛሉ፤ በማሸጊያው የተጻፈውን መከተል ነው፣ ማብዛት ጥቅም የለውም። ሥርዓቱ ግን አለው። ቤንዚኑ ገና ከማደያ የተቀዳ መሆን አለበት፤ የሰነፈጠ ቅቤ በኮሰረት ለጋ እንደማይሆን ሁሉ ያረጀም ቤንዚን በማቆያ አይታደስም። ከተጨመረ በኋላ ሞተሩ 10 ደቂቃ ያህል መሥራት አለበት፤ አለዚያ መድኃኒቱ ሰልባትዮው ውስጥ ቀርቶ ቧንቧውና ኢንጀክተሩ አሮጌውን እንደያዙ ይቆማሉ። ሰልባትዮውን ከጫፉ ጥቂት አጉድሎ መሙላትም የአየሩንና የእርጥበቱን ቦታ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ደግሞ ባትሪውን የረሳ ሰው ሚያዝያ ላይ መግፋቱ አይቀርም።

ናፍጣ የሚጠጣ መሳቢያ ያለው ሰው ከዚህ አብዛኛው አይመለከተውም። የናፍጣ ጠላት ከሥር የሚተኛው ውሃና በውሃውና በናፍጣው መካከል የሚራባው ተሕዋስ ነው። ፊልትሮውን የሚዘጋው ጥቁር ዝልግልግ የእርሱ ሥራ ነው፤ የቤንዚን ማቆያም አይነካውም።

ቤንዚን ጓዳ ማስቀመጥ ግን በምንም ማቆያ ደህና አይሆንም። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ እሳት የሚይዝ እንፋሎት ይሰጣል። እንፋሎቱ ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ እስከ ምድጃው ይደርሳል። ጄሪካኑ ከመኖሪያው ራቅ ብሎ፣ ጥላ ሥር፣ ክዳኑ ገጥሞ ይቀመጥ። በመጋቢት ፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ቤንዚን፣ በሐምሌ ብርድ ከቆየው ይልቅ ፈጥኖ ያረጃል።

ያረጀውንስ? በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ከትኩሱ ጎን ማየት ነው። ቀለሙ ብዙ ካልጠቆረ፣ ሽታውም ያው የቤንዚን ሽታ ከሆነ፣ በአራትና በአምስት እጥፍ ትኩስ ቤንዚን አቅጥኖ መጠቀም ይቻላል። ሻይ መስሎ የቀላ፣ ኮምጣጣ ቫርኒሽ የሚሸት፣ ሥሩ ላይ የተለየ ንጣፍ የሚታይበት ከሆነ ሞተር ውስጥ አይግባ። ወደ ብር ወንዝ ወይም ወደ ጉድጓድ ውሃም አይደፋ፤ ጋራዥ ለዕቃ ማጠቢያ ይወስደዋል።