ሙቀትን መከላከልና ኢስራፍ

አገናችን ደጋ ስለሆነች ኤር ኮንዲሽነር አያሻንም። ለሥራና ለንግድ ድሬዳዋ የወረዱ ልጆቻችን ግን በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ለመብራት ብዙ ይከፍላሉ። ለወላጅ የሚላከው ደግሞ ከዚያ የተረፈው ነው።

ሂሳቡን እንመልከት። 60 ዋት ቬንትሌተር በ5 ሰዓት 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 1200 ዋት ኤር ኮንዲሽነር ሳያቋርጥ ከሠራ 6 ይፈጃል። በአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ በ9 ቀን ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል።

ስለዚህ ቅዝቃዜ ከመግዛታችን በፊት ፀሐይን እንከልክል። የአባቶቻችን ሳር ቤት ቀን የማይግለው ሳሩ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው። ቆርቆሮ ግን ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ ኮርኒስ ያሻዋል። ከሰዓት በኋላ የምዕራቡን መስኮት መጋረድ፣ ሌሊት አየሩ ሲበርድ መክፈት ወጪ የለውም። ማሽኑ የግድ ከሆነ በሩ ተዘግቶ፣ ማጣሪያው ታጥቦ፣ 26 ዲግሪ ላይ ይሁን።

ሙቀትን መከላከል ሐላል ነው። ሰው በሌለበት ክፍል ማሽን ማስጮህ ግን ኢስራፍ ነው፤ አላህ አባካኞችን እንደማይወድ በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ አሳውቆናል። በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን፤ አሚን።