የመኪና ወንበር ኮርቻ አይደለም

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ኮርቻና የመኪና ወንበር ወደማድስበት ሱቄ ከዳንግላ አንድ ሹፌር መጣ። የመኪናውን በር ሲከፍትልኝ ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የከረመ የኑግ ዘይት ሽታ። ሰው ሲገባና ሲወርድ የሚታከከው የወንበሩ ጠርዝ ቀለሙ ተላጦ ከሥሩ ግራጫ ቆዳ ይታያል። መደገፊያውን ብነካው እጄን ያዘኝ። ስፌቱ ውስጥ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ጠቁሯል። «ጋሼ፣ እኔኮ አንድም ሳምንት ችላ ብዬው አላውቅም» አለኝ፤ አልዋሸም። በየሳምንቱ በዱቄት ሳሙና ያሳጥበዋል፤ ሲደርቅ ዘይት ያስጠጣዋል። እንዲህ አድርግ ያሉት የመኪናው ባለቤት ናቸው። ዕድሜያቸውን ከፈረስ ጋር ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ «ቆዳ ዘይት ካልጠጣ ይሞታል» ብለውታል።

እስከዛሬ የሚከነክነኝ ያ ወንበር ጨርሶ ባይነካ ኖሮ የተሻለ ይቆይ እንደነበር ማወቄ ነው። የጎዳው እንክብካቤው ነው። ያን ሁሉ ጊዜና ጉልበት ያወጣው ሰው ደግሞ ከልቡ መልካም የሠራ መስሎት ነው የመጣው።

«ቆዳ ዘይት ይጠጣል» የሚለውን አባባል ሰምቼ ሰልችቶኛል። ሹፌሩ ይለዋል፣ የላቫጆው ልጅ ይለዋል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስምሪት ክፍል ይለዋል። ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ፤ ምንጩንም አከብራለሁ። የምሠራበት አዊ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው፣ እዚህ አገር ቆዳ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ኮርቻ፣ ልጓምና ጠፍር መሆኑ አይደንቀውም። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት የእኔም ሱቅ ኮርቻ በኮርቻ ይሆናል። ማሰሪያው የተቆረጠ፣ ጠፍሩ የደረቀ፣ አይጥ የበላው ሁሉ ይመጣል። ያኔ እኔም ቅባት እቀባለሁ።

ምክንያቱም በእጅ የለፋ የኮርቻ ቆዳ ከላዩ ምንም የለበትም። ውስጡ ያሉት ክሮች ለአየርና ለውሃ ክፍት ናቸው። የፈረሱ ላብ፣ የክረምቱ ዝናብና የበጋው ፀሐይ ሲፈራረቁበት ቅባቱ ያልቃል። ያን ጊዜ ክሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ቆዳው ሲታጠፍ ከመተጣጠፍ ይልቅ ይሰበራል። በስሱ የተቀባ የጉሎ ዘይት ወይም የቀለጠ ሞራ ክሮቹ መካከል ገብቶ ያላቅቃቸዋል። እዚህ ላይ አባቶቻችን ትክክል ናቸው፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። ለኮርቻም ቢሆን ግን የኑግ ዘይትን አልመክርም። ኑግ እንደ ተልባ አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ የሚረጋ ዘይት ነው፤ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሙጫ ይሆናል። ቅቤም ይሸታል፤ አይጥ ይጠራል፤ እርጥበት ባለበት ቤት ደግሞ ለሻጋታ ቀለብ ይሆናል።

የመኪና ወንበር ሌላ ነገር ነው። በፋብሪካ የሚሠራው ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በክሮም ነው፤ አውጉስተስ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1884 አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት ካስመዘገበበት ዘዴ የመጣ አሠራር ነው። ቆዳው የሚያስፈልገውን ቅባት የሚያገኘው ፋብሪካው ውስጥ ነው። ዘይቱ ከሞቀ ውሃ ጋር እንዲዋሃድ ተደርጎ በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ለሰዓታት ከቆዳው ጋር ይዞራል፤ ቆዳውን ዘልቆ እስከ መሐሉ ይገባል። ከዚያ ቀለም ይረጭበታል፤ ከቀለሙ በላይ ፖሊዩሪቴን የሚባል ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሽፋን ይደረግበታል። ይህ ሽፋን ብዙ ጊዜ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ስስ ቢሆንም ወንበር ላይ ስንቀመጥ የምንነካው እሱን ነው። ስናጥብ የምናጥበው፣ ዘይት ስንቀባም የምንቀባው እሱኑ ነው።

ታዲያ ዘይቱ በየት በኩል ይገባል? አይገባም። ላይ ላዩን ይተኛል። የተጠራጠረ ሰው አንድ ጠብታ ንጹህ ውሃ በማይታይ የመቀመጫው ጥግ ላይ ያድርግና ይጠብቅ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ሽፋን አለው ማለት ነው። ገብቶ ቦታውን ካጠቆረው ሽፋን የሌለው ቆዳ ነው። በዚህ አገር መኪና ላይ ሁለተኛው ዓይነት የሚያጋጥመኝ እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ነው።

ሰዎች ግን ይህን ነግሬያቸው «እሺ፣ ታዲያ ለምን ይደርቃል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን ሳሙናው ዘንድ ነው። የለፋ ቆዳ በተፈጥሮው ወደ አሲድ ያደላል፤ ፒኤቹ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 አካባቢ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ደግሞ 10ን ያልፋል። በረኪና ከዚያም ይብሳል። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት አሥር እጥፍ ማለት ስለሆነ፣ ከ5 እስከ 10 ያለውን ርቀት አንባቢ ራሱ ያስላው። እንዲህ ያለ ውሃ በስፌት ቀዳዳ፣ በተሰነጠቀ ቦታ ወይም አየር እንዲያስገቡ በተበሱት ነጠብጣቦች በኩል ሲገባ የቆዳውን ክር ያሳብጠዋል፤ ፋብሪካው ያስገባለትን ቅባት አጥቦ ያወጣዋል። ላይ ያለውንም ሽፋን ያደክመዋል። ወንበሩ ሲደርቅ ሻካራ ይሆናል። ባለቤቱ እጁን ያሳርፍና «ተጠማ» ይላል፤ ዘይት ያመጣል። ዘይቱ አቧራ ይይዛል። ወንበሩ ይቆሽሻል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ሳሙናው ይጨመራል፣ ብሩሹም ይጠነክራል። የዳንግላው ሹፌር ሲዞርበት የከረመው ክብ ይኸው ነው። በዚህ ክብ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት ያለው ይመስላል፤ ለማስረዳት የሚያዳግተኝም ለዚህ ነው።

ስለ ቤንዚን፣ ስለ ናፍታና ስለ ቀለም ማቅጠኛ ብዙ አልልም። የእስክሪብቶ ቀለም በቤንዚን ይለቃል፤ አብሮት ግን ሽፋኑ ይለቃል። መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ የቤንዚን ተን ደግሞ ሰው የሚያቃጥል ነገር ነው። አንዳንድ ላቫጆ ውስጥ ልጆች ወንበር ሥር አጎንብሰው በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ሲፈትጉ አይቻለሁ። አሠሪዎቻቸው ይህን ዛሬውኑ ሊያስቆሙት ይገባል።

ከተሳሳተ እንክብካቤ ሌላ የወንበር እውነተኛ ጠላት ማንም ቁም ነገር ብሎ የማይቆጥረው አቧራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ዳንግላንና እንጅባራን አቋርጦ ያልፋል፤ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን በበጋ ያ ቀይ አፈር ደቅቆ በየቀዳዳው ይገባል። ወንበር ላይ አርፎ ሰው ሲቀመጥበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሽፋኑን ይሞርደዋል። መጀመሪያ የሚላጠው የሹፌሩ ወንበር የበር በኩል ጠርዝ የሆነው ለዚህ ነው፤ ድርቀት ቢሆን ኖሮ የተሳፋሪውም ወንበር እኩል በተላጠ። የሰውነት ወዝና ላብ ይጨመርበታል። ፀሐዩም አለ፤ እንጅባራ ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ ያታልላል እንጂ የፀሐዩ ጨረር ከቆላው ይበረታል። መኪና ጥላ ሥር ማቆም የትኛውም ቅባት የማይሠራውን ይሠራል።

ስለዚህ እኔ የማደርገው ብዙ አይደለም። አቧራውን በደረቁ አነሣለሁ፤ የሚስብ ማሽን ካለ በማሽን፣ ከሌለ ለስላሳ ብሩሽ ስፌቱን ተከትዬ። አቧራው ሳይነሣ እርጥብ ጨርቅ አላስነካም። ከዚያ ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ማጽጃ፣ ካልተገኘ ለስላሳ የእጅ ፈሳሽ ሳሙና በብዙ ውሃ አቅጥኜ፣ አረፋውን ብቻ በጨርቅ እወስዳለሁ። ጨርቁ እስኪደርቅ መጨመቅ አለበት። ውሃ በጆግ ማፍሰስ፣ ይባስ ብሎም በግፊት ውሃ መርጨት የወንበሩን ስፖንጅ ያረሰርሰዋል፤ በሐምሌ እንጅባራ ላይ የራሰ ስፖንጅ ለሳምንታት አይደርቅም፤ ከሥሩም የሽቦ መገናኛዎች አሉ። በሌላ ጨርቅና በንጹህ ውሃ ሳሙናውን አወጣለሁ፤ ወዲያው አደርቃለሁ፤ በሮቹን ከፍቼ ጥላ ውስጥ አቆየዋለሁ። ሌላ ጨርቅ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎማና የእግር ምንጣፍ ያጸዳው ጨርቅ ወንበር ላይ ሲወጣ ጠጠሩን ይዞ ይወጣል።

ሻጋታ ለብቻው ይነሣ። በክረምት ለወራት ቆሞ የከረመ መኪና ሲከፈት ወንበሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል፤ ብዙ ሰው ይህንንም ድርቀት ይለዋል። ዘይት መቀባት ሻጋታውን መመገብ ነው። መኪናው ውጭ ይውጣና፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁ ይጣል፤ ከዚያ አየር ያግኝ። መስኮት በጣት ስፋት ከፍቶ መጠለያ ሥር ማቆም ለሚቀጥለው ክረምት ይበጃል።

ኮንዲሽነር የሚሉት የቆዳ ቅባትስ? ጨርሶ አይጠቅምም አልልም። ጥሩው ዓይነት በውሃ የተበጠበጠ፣ የማያብረቀርቅ ነው፤ በስሱ ተቀብቶ ከተወለወለ በሽፋኑ ላይ ፍትጊያ የሚቀንስ ስስ ነገር ይተዋል፤ በጥቃቅን ስንጥቆችና በስፌት በኩልም ጥቂት ይገባል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በቂ ነው፤ ያውም በታጠበ ወንበር ላይ። ለሽያጭ የቀረበ መኪና ላይ ደላሎች የሚረጩት የሚያብረቀርቅ ሲሊኮን ግን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ገዢውን ለአንድ ቀን ያስደስታል፤ በኋላ ወንበሩን ቀለም ልቀባ ስል ቀለሙ አልይዝ ይለኛል። መሪ ላይ ሲቀቡት ደግሞ መሪው ከእጅ ያንሸራትታል፤ ይህ ከወንበር መበላሸት የከፋ ጉዳይ ነው።

የተላጠውን ቦታ ስናድስም ቆዳን ሁሉ አንድ አድርጎ የሚያይ ያው የኮርቻ አስተሳሰብ ይመጣል። «በበግ ቆዳ ለጥፍልኝ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የዋሸራ በግ አገር ስለሆንን ቆዳው ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ በዓለም ላይ ስም ያወጣው ለጓንት ነው፤ ልስላሴውና ቅጥነቱ ነው ያስከበረው። ሰው በቀን ሃያ ጊዜ የሚወጣበት የሚወርድበት ወንበር የከብት ቆዳ ይፈልጋል። በጉን ለጓንትና ለጃኬት እንተውለት።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው መታየት ጀምሯል። የብዙዎቹ ወንበር ከሩቅ ቆዳ ይመስላል እንጂ ሰው ሠራሽ ነው፤ በጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ። በእውነተኛ ቆዳ በተሠሩት መኪኖችም ቢሆን ብዙ ጊዜ ቆዳ የሚሆነው ሰው የሚቀመጥበትና ጀርባውን የሚያሳርፍበት ፊት ብቻ ነው፤ ጎኑና ኋላው ሰው ሠራሽ ነው። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ ባለመኪኖች አሉ፤ እንደተታለሉ ይሰማቸዋል። እኔ የምለው፦ ፕላስቲክ ዘይት አይጠጣም፤ አንዳንድ ዘይት እንዲያውም ፕላስቲኩን ያለሰለሰውን ነገር ከውስጡ ስቦ ያወጣና በኋላ እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። እርጥብ ጨርቅና ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል።

ወንበሩ ከተበላሸ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሽፋን ስፋልኝ»። እሰፋለሁ። ሆኖም ብዙ ዘመናዊ መኪኖች ወንበራቸው ጎን ውስጥ፣ በበሩ በኩል፣ ኤርባግ አላቸው፤ ስፌቱ ላይ ኤርባግ የሚል ትንሽ ጨርቅ ወይም ጽሑፍ ይታያል። ያ ስፌት በግጭት ጊዜ ተቀዶ ከረጢቱን እንዲያስወጣ ታስቦ የተሰፋ ነው። በላዩ ጠንካራ ሽፋን ካለበስንበት ከረጢቱ በጊዜው ላይወጣ ወይም አቅጣጫውን ሊስት ይችላል። ሽፋን የምትፈልጉ ሰዎች ያን ጎን ክፍት የሚተው ልክ ጠይቁ። «ሙሉ ካልሆነ አያምርም፣ ሌላ ጋ አሰፋለሁ» ብሎ የሄደብኝ ደንበኛ አለ። በዚያ ጎን በኩል ዘግቼ አልሰፋም።