ቀለም የማይሸፍነው ነገር
ስለ አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል የሞተር ክፍል አፈታትና እድሳት በራዲዮ የተሰጠ ንግግር

በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ነገር ለመካኒክ ብቻ የተተወ የእጅ ሥራ ቢመስልም፤ መዝገብ መያዝና ጽሑፍን በየፋይሉ ማስቀመጥ ለለመደ ሠራተኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ይኸውም የአንድ አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል ኮፈን ተከፍቶ፤ በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ዕቃዎች አንድ በአንድ ከወጡ በኋላ፤ ጸድተውና ታድሰው ወደየቦታቸው የሚመለሱበት ሥራ ነው።

ብዙ ሰዎች እድሳት ማለት ማብረቅረቅ ይመስላቸዋል። ኮፈኑ ሲከፈት ቀለሙ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ፤ ብሎኖቹም እንደ ብር የሚያበሩ ሲሆኑ «እንዴት ያለ ግሩም ሥራ ነው!» ብለው ያደንቃሉ። ዳሩ ግን ቀለም ሁለት ጠባይ አለው። ጤነኛውን ብረት ከዝገት ይጠብቃል፤ የታመመውንም ብረት ከዐይን ይሰውራል። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ዕቃን መፍታት ከሁሉ አስቀድሞ ምርመራ ነው፤ ቀለም መቀባትም የምርመራው ፍጻሜ እንጂ የምርመራው ምትክ ሊሆን አይችልም።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ አንድ የታወቀ አውቶሞቢል እንውሰድ። በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ድረስ «ኤም ጂ ቢ» የተባለ የስፖርት አውቶሞቢል ይሠራ ነበር። ክፍት ከሆነውና ጣራ ካለው ዓይነቱ በአንድነት ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ስለ ተሠራ፤ ከዚሁም እጅግ ብዙው ወደ አሜሪካ ስለ ተላከ፤ ዛሬም በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው በየቤታቸው ጋራዥ ሲያድሱት ይታያሉ። ሞተሩ አራት ሲሊንደር ያለው ሲሆን፤ መጠኑ 1798 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በአብዛኞቹም ላይ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያዋህዱት «ኤስ ዩ» የሚባሉ ሁለት ካርቡራቶሮች ናቸው።

ይህ አውቶሞቢል ከእርሱ በፊት እንደ ነበረው «ኤም ጂ ኤ» ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። የአካሉ ላሜራ ራሱ ተበይዶ ሸክሙን እንዲሸከም ሆኖ ተሠርቷል። ይህ ነገር ለእድሳት ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። በሞተሩ ክፍል ግራና ቀኝ የምናየው ላሜራ ለጌጥ የተደረገ መጋረጃ ሳይሆን፤ የቤት ምሰሶና ማገር እንደ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ የታየውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ላይ ላዩን ፈግፍጎ ቀለም መቀባት፤ የበሰበሰን ምሰሶ በኖራ እንደ መለሰን ይቈጠራል። ቤቱ ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋስ የመጣ ቀን ይወድቃል።

የሥራው መጀመሪያ ባትሪውን ማላቀቅ ነው። በዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የሚፈታው ከአውቶሞቢሉ አካል ጋር የተያያዘው ገመድ ነው። ሌላውን አስቀድመን ስንፈታ ቁልፉ ድንገት አካሉን ቢነካ፤ ኤሌክትሪኩ በቁልፉ አልፎ ብልጭታ ያስነሣልና። ዛሬ በምናውቃቸው አውቶሞቢሎች ከአካሉ ጋር የሚያያዘው የባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ነው። እስከ 1967 ድረስ በተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ግን ከአካሉ ጋር የተያያዘው ፖዚቲቩ ነበር። እንግዲህ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» እያለ በልማድ የሚሠራ ሰው ገና በመጀመሪያው እርምጃ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የራዲያቶሩ ውሃ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በሰፊ ዕቃ ይቀዳል። ውሃው በረዶ መከላከያ መድኃኒት የተቀላቀለበት ከሆነ መርዝ ነው፤ ጣፋጭነትም ስላለው ሕፃናትና እንስሳት እንዳይቀምሱት ወዲያውኑ መከደን አለበት። ቀጥሎም የአየር ማጣሪያዎቹ፣ ካርቡራቶሮቹ፣ ራዲያቶሩ፣ ዲናሞውና የቀሩት ዕቃዎች በተራ ይወጣሉ። ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚፈትነው ከሞተሩ በስተኋላ ያለው የማሞቂያ ሳጥን ነው። ቦታው ጠባብ፣ ገመዱና ቱቦው ብዙ ነው። ቢሆንም በሥሩ የተጠራቀመው ውሃና ቅጠል ላሜራውን የሚበላበት ስፍራ ስለ ሆነ፤ «ይህስ ይቅር» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እንግዲህ የመዝገብ ቤት ሰው ሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዕቃ ከመፈታቱ በፊት ከሦስትና ከአራት አቅጣጫ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ይህን ማድረግ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው በልዩ ከረጢት ይገባል፤ በከረጢቱም ላይ የዕቃው ስም፣ የነበረበት ቦታና የወጣበት ተራ ቍጥር ይጻፋል። ሲገጠም በመጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይገባልና፤ ተራ ቍጥሩ ወደ ኋላ እየተነበበ መንገድ ይመራል። «አስታውሰዋለሁ» የሚል ሰው ሥራው ሦስት ወር ከዘገየ በኋላ በአንድ ሣጥን ሙሉ ብሎን ፊት ተክዞ ይቀመጣል። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል የተባለውም ለእንደዚህ ያለው ነው።

ይህ አያያዝ ለካርቡራቶሮቹ ይልቁን ያስፈልጋል። በያንዳንዱ «ኤስ ዩ» ካርቡራቶር ውስጥ ከአየሩ ፍሰት ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን አለ። ፒስተኑና የሚንቀሳቀስበት ክዳን በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት እንዲኖር ተመዛዝነው የተሠሩ ጥንድ ናቸው። የሁለቱ ካርቡራቶሮች ዕቃ ከተለዋወጠ፤ ፒስተኑ ሊጣበቅ ወይም አየር ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ የአንደኛው ዕቃ ከሁለተኛው ጋር በአንድ ሳሕን አይታጠብም። የክዳኑን ውስጥም ለማሳመር ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ክፍተቱን ስለሚያሰፋው ካርቡራቶሩን ማበላሸት ነው።

ዕቃው ከወጣ በኋላ ብዙዎች ወዲያው ወደ እጥበት ይሮጣሉ። ይህ ስሕተት ነው። ቆሻሻ ምስክር ነውና ቃሉ ሳይሰማ ሊሰናበት አይገባም። በቴስታታው ዳር ላይ የታየ እርጥብ ዘይት የክዳኑ ጓርኒሲዮን ማርጀቱን ያመለክታል። በራዲያቶሩ ላይ የተጋገረ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ውሃ በዚያ በኩል እንደሚያንጠባጥብ ይናገራል። ከፍሬኑ ፖምፓ በታች ቀለሙ ተልጦ ከተገኘም የፍሬኑ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይወጣል ማለት ነው፤ የተለመደው የፍሬን ፈሳሽ ቀለምን ይበላልና። ይህ ሁሉ በመዝገብ ከሰፈረ በኋላ ብቻ ዕቃው ይታጠባል።

እጥበቱም እንደ ዕቃው ባሕርይ ነው። የብረት ዕቃ በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ ሊጸዳ ይችላል። ብረትን ከአሮጌ ቀለም የሚያላቅቀው ኮስቲክ ሶዳ ግን አሉሚንየምን ያሟሟል፤ የካርቡራቶሩ አካል ደግሞ አሉሚንየም ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፖምፓ ዕቃዎች በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን ከታጠቡ በውስጣቸው ያለው ጎማ አብጦ ይበላሻል፤ እነርሱ የሚጸዱት በአልኮል ወይም በራሱ በፍሬኑ ፈሳሽ ነው። አሸዋ ወይም የመስታወት ደቃቅ በአየር ኃይል እየተረጨ የሚደረገው ማጽዳት ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንዲት ደቃቅ በዘይት ወይም በአየር መተላለፊያ ውስጥ ከቀረች ወደ ሞተሩ ገብታ ፒስተኑንና ኩሽኔታውን ትፍቃለች። በዚያን ዘመን በተሠሩ ጓርኒሲዮኖችና የፍሪሲዮን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የተባለው ሳንባን የሚጐዳ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል፤ አቧራውን በአየር መንፋት ክልክል ነው፤ በውሃ አርሶ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት ይገባል።

ምርመራውና እጥበቱ ከተፈጸመ በኋላ የቀለም ተራ ይደርሳል። የበሰበሰ ላሜራ ተቈርጦ አዲስ ይበየዳል፤ ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ይወገዳል፤ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻም የላዩ ቀለም ይከተላል። ብሎኖችን በዚንክ ማስነከር መልካም ነው፤ ነገር ግን እጅግ ጠንካራ ከሆነ ብረት የተሠራ ብሎን በአሲድ ሲጸዳና ሲነከር ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ገብቶ ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል። እንዲህ ያለው ብሎን ከተነከረ በኋላ ወዲያው በምድጃ ሙቀት ካልታከመ፤ ውጪው እያበራ በሥራ ላይ ሳለ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ከባድ ኃይል የሚሸከሙትን ብሎኖች በአዲስ መለወጥ ይሻላል።

ቀለም የሚያመጣው ሌላው ጉዳት በኤሌክትሪኩ ላይ ነው። በእንግሊዝ አውቶሞቢሎች ላይ «ሉካስ» የተባለው ድርጅት ሽቦዎቹን በቀለም ለይቷቸው ነበር። ቡናማው በቀጥታ ከባትሪው የሚመጣ፤ ነጩ ቁልፉ ሲዞር የሚሠራ፤ አረንጓዴው በፊውዝ በኩል የሚያልፍ፤ ጥቁሩም ወደ አካሉ የሚመለስ ነው። ሽቦውን ሳይሸፍን ቀለም የረጨ ሰው ይህን ሁሉ ቋንቋ ደመሰሰው ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለ ሆነ፤ ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚመለስበት አንድ ወፍራም የማያያዣ ገመድ አለ። ገመዱ ከተረሳ፤ ወይም የሚታሰርበት ብረት በቀለም ከተሸፈነ፤ ሞተሪኖው የሚጠይቀው ብርቱ ኤሌክትሪክ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በቀጭኑ የቤንዚን መስጫ ወይም የአየር መዝጊያ ገመድ በኩል ሲያልፍም ገመዱን እስኪግል ድረስ ያሞቀዋል። ስለዚህ የገመዱ መታሰሪያ ስፍራ ቀለሙ ተፍቆ ብረት ከብረት ጋር መገናኘት አለበት።

ይህንንም የበለጠ አስጊ የሚያደርገው የካርቡራቶሮቹ አቀማመጥ ነው። በኤም ጂ ቢ ላይ ካርቡራቶሮቹ የሚገኙት ከጭስ መውጫው በላይ በዚያው ጐን ነው። በመካከላቸው ሙቀት የሚከላከል ላሜራ አለ። ላሜራው «መልኩ አላማረም» ተብሎ ከቀረ፤ ወይም የቤንዚኑ ጎማ አሮጌ ሆኖ ከተመለሰ፤ የሚንጠባጠበው ቤንዚን የሚወርደው በጋለ ብረት ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፤ የቤንዚን ጎማዎችና ማሰሪያዎቻቸው ሁሉ በአዲስ ይለወጣሉ፤ በሥራው ቦታም እሳት ማጥፊያ አይታጣም።

ስለ ፍሬኑ የመጨረሻ ቃል እንጨምር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች አራቱም ጎማዎች የሚታዘዙት በአንድ የፈሳሽ መስመር ነው። አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ፔዳሉ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ሾፌሩም የእጅ ፍሬን ብቻ ይቀርለታል። የፍሬን ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፤ ቱቦው ከውስጥ ሊዝግ ይችላል፤ በውጭ የተቀባው ቀለምም ይህን አይከለክልም። እንግዲህ የተጠራጠርነውን ቱቦ ከመቀባት መለወጥ፤ ፈሳሹን አዲስ ማድረግ፤ አየሩንም ከመስመሩ ማስወጣት ግዴታ ነው። ከገጠምን በኋላም አንድ ሰው ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ ሲይዝ፤ ሌላው በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ነጭ ወረቀት ዘርግቶ ጠብታ መኖር አለመኖሩን ይመለከታል። አውቶሞቢሉ ወደ መንገድ የሚወጣው ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች! በአገራችን ጋራዦች ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን እያልን የምንናገራቸው ቃላት ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ መሆናቸው ይታወቃል። ቃሉ ከየትም ይምጣ፤ አውቶሞቢሉም ከየትም ይሠራ፤ የሥራው ሕግ ግን አንድ ነው። የወጣው ይመዝገብ፤ የተመዘገበው ይመርመር፤ የተመረመረው ይታደስ፤ የታደሰውም ወደ ቦታው ይመለስ። አውቶሞቢሉን ከአዳሽ የሚገዛ ሰውም ኮፈኑ ሲከፈት በማብረቅረቁ ሳይደነቅ፤ «ከቀለሙ በፊት የተነሡትን ፎቶግራፎች አሳየኝ» ብሎ ይጠይቅ። ሥራውን በእውነት የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ የተሸፈነ ነገር ያለው ግን ኮፈኑን ለመዝጋት ይቸኩላል።