«ኖርማል» ሲባል ምን ማለት ነው?

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ችግር በችግር ላይ ሲደረብ የምንለው ነው። እንቅርት ከአባባላችን የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዮዲን እጥረት የተነሳ በየሰፈሩ የሚታይ በሽታ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በፊት አዮዲን ያለው ጨው በብዛት ከኤርትራ ይገባ ነበር፤ ያ ሲቋረጥ አዮዲን ያልተጨመረበት የአፋር ጨው ቦታውን ያዘ። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጨዋቸው አዮዲን ያለው ቤተሰቦች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን 89 በመቶ ደረሱ።

ይሁንና ጨው ስለተስተካከለ ድሮ ያበጠ ዕጢ ሁሉ አይመለስም። በእኛ ሰፈር በአዲሱ ገበያ የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ እናቶችን አውቃለሁ። የእኔም እናት እንቅርቷን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ወዲህ በየቀኑ ሌቮታይሮክሲን ትውጣለች። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ይህንኑ መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተው የላቦራቶሪ ወረቀታቸው «ኖርማል» ሲል «እንግዲህ ድኛለሁ» ብለው አቆሙት። ከጥቂት ወራት በኋላ ፊታቸው አብጦ፣ ብርድ ብርድ እያላቸው፣ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ወደ ሐኪም ተመለሱ። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ታዲያ ወረቀቱ ምን ይላል? ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር እናገኛለን፤ ቲኤስኤች እና ፍሪ ቲ-ፎር። ቲ-ፎር አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመርተው ሆርሞን ነው። ቲኤስኤች ግን የሚመጣው ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ ነው። በግንባታ ቦታ ላይ እንዳለ ካቦ አስቡት። ሠራተኛው ሲለግም ካቦው ይጮኻል፤ ሥራው ሲበዛ ዝም ይላል። ስለዚህ ቲኤስኤች በተገላቢጦሽ ይነበባል። ቁጥሩ ከፍ ካለ በሰውነት ውስጥ ያለው ሆርሞን አንሷል፣ ዝቅ ካለ በዝቷል ማለት ነው። በብዙ ላቦራቶሪዎች ለአዋቂ ሰው መደበኛው ከ0.4 እስከ 4.0 አካባቢ ነው፤ እንደ መሣሪያው ስለሚለያይ ራሱ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን መጠን ማየት ይገባል።

ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው ቲኤስኤች 12 ቢመጣ መድኃኒቱ አልበቃውም ወይም በደንብ አልገባም ማለት ነው። 0.05 ቢመጣ ደግሞ በዝቷል፤ ይህ ሲቆይ ልብን ያስመታል፣ አጥንትን ያሳሳል። (የታይሮይድ ካንሰር የነበረባቸው ሰዎች ላይ ግን ሐኪሙ ሆን ብሎ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።) ኖርማል ከመጣስ? የተወሰደው መጠን ልክ ነው ማለት ነው እንጂ ዕጢው ድኗል ማለት አይደለም። ቁጥሩን ኖርማል ያደረገው ያው ክኒኑ ነው!

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ቲ-ፎር በደም ውስጥ ግማሹ ለመቀነስ 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በዚህም የተነሳ መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ምርመራው የሚደገመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መመርመር ገንዘብ መጨረስ ነው። ክኒኑን ሲዘሉ ከርመው ምርመራ ሲደርስ ብቻ የሚውጡም አሉ። ቲ-ፎር ኖርማል ወይም ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ቲኤስኤች ግን ያለፉትን ሳምንታት ስለማይረሳ ከፍ እንዳለ ሆኖ ያጋልጣቸዋል።

ከሁሉም ለእኛ ቤት የሚከብደው የቡና ነገር ነው። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው የሚዋጠው። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። የብረትና የካልሲየም ክኒን ደግሞ 4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። ጠዋት የማይመቸው ሰው ሐኪሙን አማክሮ ማታ፣ እራት ከበላ 3 ሰዓት ያህል ካለፈው በኋላ መውሰድ ይችላል። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚንም ባዮቲን ካለበት ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ከምርመራው 2 ቀን በፊት ማቆም ይመከራል። ያረገዘች ሴት ደግሞ የሚያስፈልጋት መጠን ስለሚጨምር ቀጠሮ ሳትጠብቅ ለሐኪሟ መናገር አለባት።

ዕጢያቸው ከልክ በላይ ስለሚሠራ እንደ ፒቲዩ ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ንባብ ትንሽ ይለያል። ቲ-ፎር ከተስተካከለ በኋላ እንኳ ቲኤስኤች ለወራት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በቲኤስኤች ብቻ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መደምደም አይቻልም። እነዚህ ሰዎች ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ቢይዛቸው ጉንፋን ነው ብለው መተኛት የለባቸውም። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የነጭ ደም ሴልን ክፉኛ ስለሚያወርድ በዚያው ቀን ሄዶ መታየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወረቀቱን ስትቀበሉ ጀርባው ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፤ የምትወስዱት ስንት ማይክሮግራም (ፒቲዩ ከሆነ ስንት ሚሊግራም) እንደሆነ፣ መጠኑ የተቀየረበትን ቀንና የዘለላችሁትን ክኒን ብዛት። ሳትደብቁ! የድሮውንም ወረቀት አትጣሉ፤ ሐኪሙ ከአንድ ቁጥር ይልቅ የቁጥሮቹን አካሄድ ቢያይ ይሻለዋል። «ልተወው ወይስ ልቀጥል?» የሚለውን ጥያቄም ለእሱ አቅርቡ እንጂ ለወረቀቱ አትተዉት።

ቸር ይግጠመን።