ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ለሚንቀጠቀጥ መሬት ኒውራል ኔትወርክ ምን ይጠቅማል?

«ኤአይ መጥቷል፤ ከእንግዲህ እንደ ኢታብስና አባቁስ ያሉ የምህንድስና ሶፍትዌሮችን መማር ምን ያደርግልናል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ባብዛኛው ለመመረቅ የተቃረቡ የሲቪልና የሜካኒካል ተማሪዎች ናቸው። አጭሩ መልስ «ተማሩ» ነው። ረጅሙን ደግሞ እኔ ካለሁበት ከአዋሽ አርባ ብዙም ሳልርቅ ላስረዳ።

2017 ዓ.ም.ን የአዋሽ ፈንታሌና የዱለቻ ሰው አይረሳውም። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከረመ፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ጥሎ ወጣ፤ የካቲት 7 ሌሊት ደግሞ በመጠን 6 ገደማ የሆነው መጣ። ያኔ ሁሉም ሰው የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ነበር፦ የከሰም ግድብስ ይችለዋል? ግድቡ 90 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ እምብርቱ ሸክላ አፈር፣ ጎንና ጎኑ የድንጋይ ሙሌት ነው። ሲሞላ 500 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ ይይዛል። ከሥሩ ሰው፣ ከብትና የሸንኮራ ማሳ አለ።

መሐንዲስ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልሰው በፋይናይት ኤለመንት ነው፤ ኢታብስና አባቁስ የሚሠሩትም በዚሁ ዘዴ ነው። ግድቡ በኮምፒውተር ላይ በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትንንሽ ቁራጮች ይከፈላል፤ ሜሽ የምንለው ይህን ነው። የእያንዳንዱ ቁራጭ ጥንካሬ ይጻፋል፤ ቁራጮቹ በየመገናኛ ነጥባቸው ይያያዛሉ፤ ከዚያ አንድ ግዙፍ የእኩልታ ክምር ይፈታና እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ይታወቃል። ዘዴው በአውሮፕላን ክንፍ ስሌት አድጎ እ.ኤ.አ. በ1960 ሬይ ክላፍ ስም አወጣለት። ከዚያ ወዲህ ሕንፃውም ድልድዩም የሚሰላው በዚሁ ነው።

ችግሩ ዋጋው ነው። ሜሹን በሦስቱም አቅጣጫ በእጥፍ ብታደቅቁት ቁራጮቹ 8 እጥፍ ይሆናሉ። የ20 ሰከንድ መንቀጥቀጥ በየ0.01 ሰከንዱ ሲሰላ 2,000 እርምጃ አለው፤ አፈር ደግሞ ሲጫኑት ጠባዩ ስለሚለወጥ በየእርምጃው ስሌቱ ይደጋገማል። አንዱ ሙከራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል እንበል። ያም ባልከፋ። ግን የሸክላው ጥንካሬ በትክክል ስንት ነው? ውሃ የሚያሳልፈውስ? የሐይቁ ከፍታ፣ የድንጋዩ ሰበቃ፣ የመንቀጥቀጡ ዓይነት? እነዚህን አምስት ያልተረጋገጡ ነገሮች በአምስት አምስት ዋጋ ብንሞክር 3,125 ስሌት ይሆናል። በአንድ ማሽን 6,250 ሰዓት፣ ማለትም 260 ቀን። መሬቱ እስከዚያ አይጠብቅም።

ዲፕ ለርኒንግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከ3,125ቱ ውስጥ ጥቂት መቶዎቹን በጥንቃቄ መርጣችሁ በእውነተኛው ፋይናይት ኤለመንት ታሰላላችሁ። ግብዓቱንና ውጤቱን እያሳያችሁ ኒውራል ኔትወርኩን ታሠለጥናላችሁ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን እሱ በሰከንዶች ውስጥ ይገምታል። በተቃራኒውም ይሠራል፦ ግድቡ ላይ የተተከሉ መሣሪያዎች መስጠሙንና የውሃ ግፊቱን ሲመዘግቡ፣ «ይህን ልኬት ሊያመጣ የሚችለው ምን ዓይነት አፈር ነው?» ብሎ ወደ ኋላ መፈለግ በድሮው መንገድ ወራት የሚበላ ሥራ ነበር፤ የሠለጠነ ኔትወርክ ግን ያፋጥነዋል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄኛው ነው።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። የጉግል ዲፕማይንድ ሰዎች በሜሹ ላይ ራሱ የሚማር ሜሽግራፍኔትስ የሚባል ሞዴል ሠርተዋል። የፊዚክሱን እኩልታ በሥልጠናው ውስጥ የሚያስገባው ፒን የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ብዙ ተወርቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ከፋይናይት ኤለመንት ጋር ጎን ለጎን ቢያወዳድረው፣ በሞከሯቸው ችግሮች ላይ በፍጥነትና በትክክለኛነት ተደምሮ አልበለጠም። ስለዚህ ወሬው ይቆየን።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ኔትወርክ የድሮ ፈተና ሸምድዶ እንደገባ ተማሪ ነው፤ ጥያቄው ከለመደው ከወጣ ዝም አይልም፣ በልበ ሙሉነት ይሳሳታል። ለሥልጠና የምንጠቀምበት የመንቀጥቀጥ ቅጂ ደግሞ ባብዛኛው የካሊፎርኒያና የጃፓን ነው። በ2017 ከሥራችን የነበረው ግን ተራ መናወጥ ብቻ አልነበረም፤ ቅልጥ አለት በስንጥቅ ውስጥ እየገባ መሬቱን ወደ ጎን ሲከፍተው ነበር። ከዚያ በፊትም እንዲሁ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከሰመራ ሰሜን ምዕራብ፣ ዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። መናወጥን ብቻ የተማረ ኔትወርክ መሠረቱ የሚከፈትበትን ግድብ አያውቀውም፤ ቢጠየቅ ግን ቁጥር ይሰጣል። ፋይናይት ኤለመንቱም መሠረቱ እንደሚከፈት ካልነገራችሁት አያውቅም። ሆኖም ቢያንስ የኃይል ሚዛን አልጠበቅ ሲለው «አልኮንቨርጅም» ብሎ ይቆማል። ያ የሚያናድደን ቀይ ጽሑፍ ትልቅ ጸጋ ነው።

መፍትሔው ሁለቱን ማጋባት ነው። ኔትወርኩ የገመተውን እንቅስቃሴ ወደ ፋይናይት ኤለመንቱ እኩልታ መልሳችሁ አስገቡት፤ የውስጡና የውጩ ኃይል የማይመጣጠንበት ትርፍ ትልቅ ከሆነ ግምቱን ጥላችሁ እውነተኛውን ስሌት አስኪዱ። ወይም ግምቱን ለስሌቱ መነሻ አድርጉት፤ መነሻው ቢሳሳት የምትከፍሉት ጊዜ ብቻ ነው፣ መልሱን የሚያጸድቀው አሁንም የኃይል ሚዛኑ ነው። እኔ በግሌ ለሕዝብ ደኅንነት በሚሠራ ስሌት ላይ ከዚህ ውጭ ያለውን አልፈርምበትም።

የሰመራ ዩኒቨርሲቲም ሆናችሁ የሌላ ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ሥራ ይህን ርዕስ ካሰባችሁ በግድብ አትጀምሩ። መልሱን በእጃችሁ ልታሰሉት በምትችሉት ተራ ቢም ጀምሩ፤ ፓይተን በነፃ ይገኛል፣ ላፕቶፕም ይበቃል። ኔትወርኩን ከአንድ እስከ አምስት ሜትር ባለው ርዝመት አሠልጥኑትና ስምንት ሜትሩን ጠይቁት። የሚሰጣችሁን መልስ ከእጅ ስሌታችሁ ጋር አስተያይታችሁ ላኩልኝ።