ጥቁሩ መስመር በመጨረሻ፦ የስቴንስል ሥዕል በዴ ሞይን ቤቶች ግድግዳ ላይ

ስቴንስል የሚለው ቃል ለብዙ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስታውሰው የትምህርት ቤት ፈተና በታይፕ ተመትቶ ይባዛበት የነበረውን ሰም የተቀባ ወረቀት ነው። ቀለሙ ፊደሉ በተበሳበት በኩል አልፎ ከሥር ባለው ወረቀት ላይ ያርፋል፤ ያልተበሳው ክፍል ግን ያግደዋል። የግድግዳ ስቴንስል ሥዕልም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ የሰም ወረቀቱን ቦታ የተቆረጠ ካርቶን ወይም ስስ ፕላስቲክ፣ የማባዣውን ቦታ ደግሞ ከጣሳ በግፊት የሚረጭ ቀለም፣ ማለትም ስፕሬይ ይተካዋል። ንብርብር ስቴንስል የሚባለው ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ካርቶን ተቆርጦ፣ አንዱ በሌላው ላይ በተራ እየተረጨ ሥዕሉ ሲሞላ ነው።

ዘዴው እጅግ ጥንታዊ ነው። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት በሚገኝ ዋሻ ውስጥ እጅን ከድንጋዩ ላይ አሳርፎ በዙሪያው ቀለም በመርጨት የተሠራ የእጅ ምስል ቢያንስ 39,900 ዓመት እንዳለው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የጣሳው ስፕሬይ ግን እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ኢሊኖይ ኤድዋርድ ሲሞር የፈለሰፈው አዲስ ነገር ነው። ሁለቱን አጣምሮ ከ1981 ጀምሮ በፓሪስ ግድግዳዎች ላይ የሠራው ብሌክ ለ ራ የተባለው ሠዓሊ ሲሆን፣ የብሪስቶሉ ባንክሲ ዘዴውን በዓለም ዙሪያ አሳውቆታል።

የሥራው ዋና ድካም ያለው ከመርጨቱ በፊት ነው። ሠሪው የመረጠውን ፎቶግራፍ ወይም ንድፍ ወደ ሦስት ወይም አራት የብርሃንና የጥላ ደረጃዎች ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በየካርቶኑ ላይ ይነድፋል፤ ከዚያም በስለታም ምላጭ ይቆርጣል። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት አንድ ችግር አለ፦ «ዐ» የሚለው ፊደል ዙሪያው ሲቆረጥ መሐሉ ተነጥሎ ይወድቃል። ስለዚህ መሐሉን ከካርቶኑ ጋር የሚያያይዙ ቀጫጭን ማሰሪያዎች ሳይቆረጡ መተው አለባቸው፤ የሙያው ሰዎች ድልድይ ይሏቸዋል። በተጨማሪም በሁሉም ካርቶኖች ማዕዘን ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ተበስቶ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ምልክት ጋር ካልገጠመ፣ የሁለት ሚሊሜትር መንሸራተት እንኳ ዓይንን ከፊት ላይ ያናጋዋል። ሌሎቹ ሁሉ እሱን ስለሚከተሉ የመጀመሪያው ካርቶን በውሃ ልክ ተስተካክሎ መለጠፍ አለበት።

ቀለሙ ብዙውን ጊዜ የሚረጨው ከሰፊውና ከደማቁ ተጀምሮ ሲሆን፣ ጥቁሩ ዝርዝር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳ አይደለም። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንደሚታየው፣ የአገሪቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊውን በሰፊውና በጠፍጣፋው አኑሮ፣ ትልልቆቹን ዓይኖችና የልብሱን እጥፋት በጥቁር መስመር ያወጣል፤ እያንዳንዱ ቀለም ራሱን ችሎ የቆመ ስለሆነ ሥዕሉ በንብርብር ስቴንስል ለመሠራት የተዘጋጀ ያህል ነው። በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሚሳለው ሐረግ ደግሞ ከዚያም የተሻለ ይመቻል፤ መስመሮቹ እርስ በርስ እየተጠላለፉ ስለሚሄዱ ድልድዩ በራሱ በንድፉ ውስጥ አለ። የቅዱሳን ሥዕል የራሱ ሥርዓትና ክብር ያለው በመሆኑ ለግድግዳ ማስጌጫ የሚገባው ሐረጉና የአገር ልብስ ጥበብ ነው።

ከሲያትል በስተ ደቡብ በፑጀት ሳውንድ ዳርቻ የምትገኘው ዴ ሞይን፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች በአንዱ ውስጥ ናት። በከተማነት የተቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የተሠሩ ቤቶች አሏት። አሜሪካ በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት የከለከለችው በ1978 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተሠራን ቤት ግድግዳ ሳያስመረምሩ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ለሕፃናት እጅግ አደገኛ ነው። የጂፕሰም ግድግዳውም ብዙ ጊዜ ሸካራ ስለሆነ ቀለሙ ከካርቶኑ ሥር ይሰርጋል፤ መድኃኒቱ ካርቶኑን በሚነቀል ማጣበቂያ አጥብቆ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ቀጥ አድርጎ፣ በስሱ ደጋግሞ መርጨት ነው። የአንዳንድ ጣሳዎች መመሪያ ሁለተኛው ቀለም በ1 ሰዓት ውስጥ ወይም ከ48 ሰዓት በኋላ እንዲረጭ ያዛል፤ በመሐሉ የተረጨ እንደሆነ የታችኛው ቀለም ይሸበሸባል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው አየሩ ነው። ቀለሙን የሚገፉት ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉት ጋዞች በቀላሉ የሚቀጣጠሉና ከአየር የሚከብዱ በመሆናቸው ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። ብዙ ሰው ለመርጨት በሚመርጠው ጋራዥ ውስጥ የውሃ ማሞቂያው እሳት ሊኖር ይችላል፤ የቡና ከሰልም በዚያን ቀን ቤት ውስጥ መቀጣጠል የለበትም። ተራው የጨርቅ ጭንብል የቀለሙን ጢስ አያግድም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል። ዝናብ መስኮት ከሚያዘጋባቸው ወራት ይልቅ በዚያ አካባቢ ደረቅ የሆኑት ሐምሌና ነሐሴ ይመረጣሉ። በልጆች መኝታ ክፍል ግን ስፕሬዩን ጨርሶ ትቶ፣ በዚያው ካርቶን ላይ የውሃ ቀለምን በስፖንጅ መምታት ይሻላል። ያላለቀ ጣሳ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ኪንግ ካውንቲ ለቤተሰቦች ባዘጋጃቸው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያዎች ይሰጣል።

ተከራይ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ግድግዳውን መንካት የለበትም። ለዚህም የጥንቶቹ ሠዓሊዎች መፍትሔ ነበራቸው፤ የጎንደር ቤተ ክርስቲያኖች ሥዕል ብዙው የተሳለው በጨርቅ ላይ ሲሆን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው በኋላ ነው። ተከራዩም አቡጀዲ ወጥሮ ውጭ ረጭቶ ቢሰቅለው፣ ቤት ሲለቅ ጠቅልሎ ይወስደዋል።

በሱቅ ተቆርጠው የሚሸጡትን የአበባ ስቴንስሎች ከመግዛቱ በፊት ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ እጅ አንድ ሐረግ ቢቆርጥ መልካም ነው። በትክክል የተቆረጠ አንድ ክንድ ካርቶን፣ እየተነቀለና እየተለጠፈ ክፍሉን ሙሉ ይዞራል።