ሳይቃጠል በቅጠል

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ባለጸጋ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ከሚመላለሱት አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የኖሩ አሮጌዎች ናቸው። ከባለቤቶቻቸውም መካከል በወር ደመወዝ የሚተዳደረው ጥቂት አይደለም፤ በታክሲ ሥራ ቤተሰቡን የሚያኖረውም እንዲሁ። ለእንዲህ ያለው ሰው መኪና የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን የእንጀራ ገመድ ነው። መኪናው አንድ ሳምንት ጋራዥ ቢቆም የቤት ኪራይ ይጓደላል፤ ሞተሩ ቢበላሽ ደግሞ ለልጆች ትምህርት የተቀመጠው ገንዘብ ሳይቀር ለጥገና ይውላል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ የማቆየት ነገር ይበልጥ ክብደት አግኝቷል።

ታዲያ ገንዘብ ያነሰው ባለመኪና ምን ያድርግ? ሁሉም ሰው መካኒክ ይሁን ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ከባድ ከሚባሉት ብልሽቶች አብዛኞቹ በድንገት የሚወርዱ መዓቶች አይደሉም፤ ከመድረሳቸው በፊት ምልክት ይሰጣሉ። ምልክቱም በዐይን ይታያል፣ በጆሮ ይሰማል፣ በአፍንጫ ይሸተታል። ይህን ለመለየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በሳምንት ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ዕውቀት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ምክር ለመኪናም ይሠራል። እናንተም ዛሬ የራሳችሁ መኪና ባይኖራችሁ በቤተሰባችሁ ወይም በጎረቤታችሁ መኪና ላይ እየተመለከታችሁ ትምህርቱን ልትጀምሩ ትችላላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የሞተር ዘይት ነው። በሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ጋር በደቂቃ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ይተሻሻል። ዘይቱ በመካከላቸው ስስ ሽፋን ሆኖ ሰበቃን ይቀንሳል፤ ሙቀትን ተሸክሞ ይወስዳል፤ እድፉንም ጠርጎ ወደ ማጣሪያው ያደርሳል። ዘይት ሲጎድል ግን ብረቱ ይግላል፤ እርስ በርሱም ይጣበቃል። መካኒኮች «ሞተሩ ነከሰ» የሚሉት ይህን ነው። በአንድ ሊትር ዘይት ሊድን ይችል የነበረው ሞተር ያን ጊዜ ወይ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል፣ ወይም በሌላ ይለወጣል።

የዘይቱን መጠን ለማወቅ መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁሙ፤ ሞተሩን አጥፍታችሁም ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ኮፈኑን ክፈቱ፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ አስገቡትና እንደገና ምዘዙት። በዘንጉ ጫፍ ሁለት ምልክቶች አሉ። ዘይቱ በሁለቱ መካከል ከሆነ ደኅና ነው። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ግን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ለኩ፤ ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም ጉዳት አለው። መጠኑን ብቻ ሳይሆን መልኩንም ተመልከቱ። መጥቆሩ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ዘይቱ እድፍ ማንሣቱን ያመለክታል። ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከታየ ግን ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የዚህ መንሥኤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠል ስለ ሆነ፣ ሞተሩን ሳታስነሡ መካኒክ ጥሩ።

ዘይት መለወጥ ደግሞ ጀማሪ በራሱ እጅ ሊሠራው የሚችለው የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ ነው። ለብዙ አሮጌ አውቶሞቢሎች ተራውን የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ የተለመደ ነው፤ ትክክለኛውን ርቀትና የዘይቱን ዓይነት የሚወስነው ግን የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። አንድ አነስተኛ አውቶሞቢል ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሊትር ይይዛል። በመጀመሪያ ዘይቱ ለብ እንዲልና በቀላሉ እንዲፈስስ ሞተሩን ጥቂት አስነሥታችሁ አጥፉ። ከሥሩ ሰፊ ሳፋ አስቀምጡና የማፍሰሻውን ብሎን ፍቱ። ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ አሮጌውን ፊልትሮ አውጡ። የአዲሱን ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ንጹሕ ዘይት ቀብታችሁ በእጃችሁ አጥብቁት፤ በመፍቻ አታስጨንቁት። የማፍሰሻውን ብሎን መልሳችሁ ካሰራችሁ በኋላ ብቻ አዲሱን ዘይት ጨምሩ፤ ይህን ቅደም ተከተል ረስቶ ውድ ዘይቱን መሬት ላይ ያፈሰሰ ጀማሪ ብዙ ነው። አሮጌው ዘይት ውሃንና አፈርን ስለሚበክል ወደ ቦይ አይደፋም፤ በዕቃ ተከድኖ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ማስጠንቀቂያ ልብ በሉ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም። ክሪክ ጎማ ለመለወጥ እንጂ ሰው ከሥሩ ተኝቶ እንዲሠራ የተዘጋጀ መሣሪያ አይደለም፤ ሊንሸራተት ይችላል። ብሎኬትም ክብደት ሲያርፍበት ስለሚፈረካከስ ድጋፍ አይሆንም። ጠንካራ የብረት ድጋፍ ከሌላችሁ ያን ሥራ ተዉት። የቆጠባችሁት ገንዘብ የቱንም ያህል ቢሆን የሰው ሕይወት አይመልስም።

ከዘይት ቀጥሎ የሚታየው የማቀዝቀዣው ውሃ ነው። በዚህ ረገድ በደጋ የሚኖር ባለመኪና ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። ውሃ በባሕር ጠለል አጠገብ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፣ በዚያ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን በውስጡ ያለውን ግፊት አምቆ በመያዝ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ስለሆነም የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ ግፊቱ ያመልጣል፤ መኪናውም አቀበት ላይ ይፈላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ራዲያተሩ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ግን ዋጋው ከሁሉ የሚያንሰው ክዳን ነው።

ሞተሩ በፈላ ጊዜ ዳር ይዛችሁ አቁሙ፤ አጥፉና ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሡ። ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊትንና እጅን በእንፋሎት ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ውሃውን ሞልቶ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ ጉድለቱ ወዴት እንደ ሄደ መፈለግ ያስፈልጋል። ቱቦዎቹን በእጃችሁ ጨምቁ፤ መኪናው ያደረበትንም መሬት እዩ። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ወይም የውሃውን ፖምፓ የሚያዞር ቺንጋ ካለም አለመሰንጠቁንና አለመላላቱን ተመልከቱ።

ሌሎቹ ቁጥጥሮች ቀላል ናቸው። የጎማ ነፋስ የሚለካው መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጎማ በሁለት ዳሮቹ ከተበላ ነፋሱ አንሷል፤ መካከሉ ከተበላ በዝቷል፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ግን እግሮቹ መስተካከል አለባቸው። በባትሪ ራሶች ላይ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የኤሌክትሪክን መተላለፊያ ስለሚዘጋ፣ ለብ ባለ ውሃ በተበጠበጠ የቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል። ሲፈታ አስቀድሞ የነጌቲቩ ገመድ ይፈታል፤ ሲታሰርም እርሱ መጨረሻ ይታሰራል። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ ክብሪት አይጫርም። የአየር ማጣሪያም አቧራማ በሆኑ መንገዶቻችን ፈጥኖ ስለሚደፈን ቶሎ ቶሎ ሊታይ ይገባዋል። ካንዴላ ደግሞ የሞተሩ ምላስ ነው ማለት ይቻላል፤ ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል፤ በዘይት ከራሰ ግን የሞተሩ የውስጥ አካል እንዳረጀ ይናገራል።

ፍሬንን በሚመለከት ግን የጀማሪ ድርሻ ማየትና መጠንቀቅ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የሳበ ዘይትም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አስቡ፤ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ያቆለቁላል። በዚህ ቁልቁለት እግሩን ከፍሬን ሳያነሣ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግላል፤ ዘይቱ ከፈላም ፔዳሉ ልል ይሆንና መኪናው አልቆም ይላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባትና ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ይገባል፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ግን ራስን ለአደጋ መስጠት ነው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ቢለወጥ መልካም ነው። ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ ዘይቱ ከጎደለ ወይም ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ሥራውን ለሠለጠነ መካኒክ መስጠት ፍርሃት ሳይሆን ብልኅነት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና።

መሣሪያውንስ ከየት እናምጣው? ሁሉን በአንድ ቀን መግዛት አያስፈልግም። በብዙ የጃፓን መኪኖች አብዛኛውን ብሎን የሚፈቱት ባለ10፣ ባለ12፣ ባለ14ና ባለ17 ሚሊ ሜትር መፍቻዎች ናቸው። ከእነዚህ ጋር ካቻቪቴ፣ ፒንሳና የነፋስ መለኪያ ካሉ ለጅምር ይበቃሉ። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ያረጀውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአሮጌው ጋር ሳታመሳስሉ አትግዙ። ጋራዥ መሄድ ግድ ሲሆንም ከመካኒኩ አጠገብ ቁሙ፤ «ይህ ምንድን ነው? ለምን ተበላሸ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ የተለወጠውንም ዕቃ አሳዩን በሉ። ለጥገናው የከፈላችሁት ገንዘብ ያን ጊዜ የትምህርት ክፍያም ይሆናል።

መማር ከየትም እንደሚጀመር የእንግሊዛዊው የጆን ሄይንስ ታሪክ ያስረዳል። ሄይንስ ገና ተማሪ ሳለ አሮጌ ኦስቲን መኪና እየፈታ እንደገና ሠራ፤ እንዴት እንደሠራውም የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ በ1956 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ኋላም በአየር ኃይል አገልግሎት በኤደን ሳለ የጓደኛውን መኪና ፈትቶ ሲገጥም እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶግራፍ አነሣ። በ1966 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚጠራው የመጀመሪያው የጥገና መመሪያ የወጣው ከዚህ ሥራ ነው። የእርሱ ዘዴ ዛሬ ለእናንተም ቅርብ ነው። አንድ ዕቃ ከመፍታታችሁ በፊት በእጅ ስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የተፈቱትን ብሎኖች በቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ በአንድ ደብተርም ቀኑን፣ የተነዳውን ኪሎ ሜትርና የተሠራውን ሥራ ጻፉ። በወር አንድ ጊዜ ዘይት ትጎድል የነበረች መኪና በሳምንት አንድ ጊዜ መጉደል ስትጀምር የሚናገረው ያ ደብተር ነው።

እንግዲህ ድኻ ባለመኪና ከሁሉ አብልጦ ሊፈራው የሚገባ የጥገና ወጪን ሳይሆን ምልክት አይቶ ማለፍን ነው። ሀብታም ቸል ቢል በገንዘቡ ይካሳል፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ግን መካሻው ትጋቱ ብቻ ነው። ትጋት ደግሞ በብር አይገዛም። ቅዳሜ ጠዋት ኮፈን ከፍቶ ዘንግ የሚመዝዝ ሰው ያቺን ቅጠል በእጁ ይዟል ማለት ነው።

መልመጃ

1. በምንባቡ መሠረት የራዲያተር ክዳን በደጋ አገር ይበልጥ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
2. ጀማሪ ራሱ ሊሠራው የሚችለውንና ለመካኒክ ሊተወው የሚገባውን ሥራ ለይታችሁ ጻፉ።
3. «የእንጀራ ገመድ»፣ «ሞተሩ ነከሰ»፣ «የሞተሩ ምላስ» የሚሉት አነጋገሮች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች አስረዱና በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር መሥርቱባቸው።
4. በቤታችሁ የምትሠሩትን አንድ ሥራ መርጣችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ በሁለት አንቀጽ ግለጹ።